ክሎሪኑ ሲቀየር እርሳስ የለቀቁት ቧንቧዎች፦ የዋሽንግተን ዲሲ ውኃ ከ2000 እስከ 2004

ጉዳዩ ባጭሩ

በኖቬምበር 2000 ለዋሽንግተን ዲሲ ውኃ የሚያጣሩት ጣቢያዎች፣ በቧንቧ መረቡ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ የሚዘልቀውን ክሎሪን በክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲዋሃድ በሚገኝ ኬሚካል) ተኩ። ዓላማው ከክሎሪን የሚወለዱ ጎጂ ውህዶችን መቀነስ ነበር፤ ውህዶቹም ቀነሱ። በዚያው ለውጥ ምክንያት ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች የመጠጥ ውኃ ውስጥ እርሳስ ገባ። እዚህ እርሳስ የምንለው በተለምዶ ሊድ የሚባለውን ብረት ነው። መንስኤው ታውቆ መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ እስኪጨመር ድረስ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የግለሰቦች ስም አልተጠቀሰም። መጠኖቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በሊትር ውኃ ውስጥ ያለ ማይክሮግራም ናቸው።

ክሎሪን ምን ይወልዳል?

የወንዝ ውኃ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የታጠበ ካርቦን አዘል ቁስ ይይዛል። ክሎሪን ጀርሙን ሲገድል ከዚህ ቁስ ጋርም ይዋሃዳል። ከሚወለዱት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ውህዶች ውስጥ በደንብ የሚለኩት ሁለት ቡድኖች ናቸው። አንደኛው ትራይሃሎሜቴኖች ሲሆን ክሎሮፎርምና ብሮሚን ያለባቸው ሦስት ዘመዶቹ ናቸው። ሁለተኛው ሃሎአሴቲክ አሲዶች ሲሆን በደንቡ የሚቆጠሩት አምስቱ ናቸው። ወንዙ ብሮማይድ ካለው የብሮሚኖቹ ድርሻ ይጨምራል።

መጠኑን የሚወስኑት የካርቦኑ ብዛት፣ የክሎሪኑ ልክ፣ ሙቀቱ፣ ክሎሪኑ ከውኃው ጋር የቆየበት ጊዜና ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ናቸው። ስለዚህ በበጋ ከክረምት ይበዛሉ፤ ትራይሃሎሜቴንም ከጣቢያው አጠገብ ይልቅ በመስመሩ ጫፍ ይከፋል። ሃሎአሴቲክ አሲድ ግን ክሎሪኑ በተዳከመበት ጫፍ ላይ በባክቴሪያ ተበልቶ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ነጥብ ብቻ መለካት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የፒኤች ጉዳይም ልብ ይባል፦ ፒኤች ሲጨምር ትራይሃሎሜቴን ይጨምራል። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ቧንቧ እንዳይበላ የሚደረገው ደግሞ ፒኤችን ከፍ ማድረግ ነው።

ጤናን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም ክሎሮፎርምን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው መካከል አስቀምጦታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ክሎሪን የበዛበት የወንዝ ውኃ የጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፊኛ ካንሰር ጋር ግንኙነት አሳይተዋል። ከእርግዝና ጋር የተያያዙት ውጤቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። ትራይሃሎሜቴን በመጠጥ ብቻ አይገባም፤ ተናኝ ስለሆነ በሙቅ ሻወር እንፋሎትና በቆዳ በኩልም ይገባል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፦ የእነዚህ ውህዶች አደጋ ውኃን ሳያክሙ ከመጠጣት አደጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ተብሎ ሕክምናው አይዳከምም።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ጣሪያ በ1979 ለትራይሃሎሜቴን ድምር 100 ተብሎ ወጣ። በ1998 ወደ 80 ወረደ፤ ለአምስቱ ሃሎአሴቲክ አሲዶችም 60 ተደነገገ። ትልልቅ የወንዝ ውኃ አቅራቢዎች እስከ ጃንዋሪ 2002 ማሟላት ነበረባቸው። የዲሲ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ቀን ገደብ ነው።

ውኃው፣ ቧንቧውና ባለቤቶቻቸው

ውኃው ከፖቶማክ ወንዝ፣ ከግሬት ፎልስና ከሊትል ፎልስ ይጠለፋል። የሚያጣሩት ዳሌካርሊያና ማክሚላን የተባሉት ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ጣቢያዎቹ ውኃውን ለዲሲ ብቻ ሳይሆን በቨርጂኒያ ለአርሊንግተንና ለፎልስ ቸርች አካባቢም ይሸጡ ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጠጡት የሌላ አቅራቢ ውኃ ስለሆነ ጉዳዩ እነሱን በቀጥታ አይመለከትም።

በከተማው ውስጥ የሚያከፋፍለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ከመንገዱ ዋና ቧንቧ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ በሕዝብ ይዞታ ሥር ያለው የአከፋፋዩ፣ በግቢው ያለው የባለቤቱ። ተቆጣጣሪው፣ ዲሲ ክፍለ ሀገር ስላልሆነች፣ በቀጥታ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። ኬሚካሉን የሚቀይረው፣ ቧንቧውን የሚያስተዳድረው፣ ደንቡን የሚያስከብረውና የግቢው መስመር ባለቤት አራት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ለዚህ ጉዳይ መዘግየት ከኬሚስትሪው ያልተናነሰ ድርሻ ያለው ይህ አከፋፈል ይመስለናል።

በወቅቱ በከተማዋ ወደ 23,000 የሚገመቱ የእርሳስ መግቢያ መስመሮች ነበሩ። የቧንቧ መበላትን ለመቆጣጠር በኖራ ፒኤች ይስተካከል ነበር፤ ቧንቧው ላይ መከላከያ ቅርፊት የሚሠራው ፎስፌት ግን አይጨመርም ነበር።

ለምን ክሎራሚን ተመረጠ?

ክሎሪኑን መቀነስ አማራጭ አልነበረም። በ1993 መጨረሻ ከዳሌካርሊያ ድፍርስ ውኃ አልፎ ነዋሪው ሁሉ ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ ታዝዞ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ቀረ፦ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ካርቦኑን በተሻለ ማርጊያ (ድፍርሱን አጣብቆ በሚያዘቅጥ ኬሚካል) እና በገቢር ከሰል (ቁሱን በሚይዝ የተዘጋጀ ከሰል) ማውጣት፣ ወይም በመረቡ ውስጥ የሚዘልቀውን ኬሚካል መቀየር።

ሁለተኛው ርካሽና ፈጣን ነው። በጣቢያው ክሎሪን ጀርሙን ይገድላል፤ ውኃው ከጣቢያው ሳይወጣ አሞኒያ ይጨመርበትና የቀረው ክሎሪን ክሎራሚን ይሆናል። የተለመደው ምጣኔ ከአራት እስከ አምስት ክፍል ክሎሪን ለአንድ ክፍል የአሞኒያ ናይትሮጅን፣ በክብደት ነው። ምጣኔው ከአምስት ካለፈ ክሎራሚኑ መፍረስ ይጀምራል፤ ሽታና ጣዕሙም ይከፋል። አሞኒያው ከበዛ ደግሞ ትርፉ ለናይትሮጅን በል ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነሱ ሲባዙ ክሎራሚኑ ይጠፋል፣ ፒኤችም ሊወርድ ይችላል።

ክሎራሚን ከካርቦኑ ጋር የሚዋሃደው በዝግታ ስለሆነ ትራይሃሎሜቴኑና ሃሎአሴቲክ አሲዱ ይወርዳሉ። በዲሲም የታሰበው ይኸው ሆነ፣ አዲሱ ጣሪያም ተሟላ። ከለውጡ በፊት ሰፊ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ለኩላሊት እጥበት ማዕከላትና ዓሣ በገንዳ ለሚያረቡ ሰዎች ነበር። የእርሳስ ቧንቧ ላላቸው ቤቶች የተነገረ ነገር አልነበረም።

ችግሩ ሲታይ

የእርሳስ ደንብ የወጣው በ1991 ነው። ቢያንስ ስድስት ሰዓት በቧንቧ ውስጥ ከቆመ ውኃ የመጀመሪያው አንድ ሊትር ይቀዳል። ከብዙ ቤቶች የተገኙት ውጤቶች ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደሩና ከመቶው 90ኛ ላይ የሚያርፈው ቁጥር ከ15 ካለፈ አቅራቢው እርምጃ መውሰድ አለበት።

እስከ ጁን 2001 ለነበረው ዓመት የተመዘገበው ቁጥር 8 ነበር። በቀጣዩ ዓመት 75 ሆነ። በ2003 የመጀመሪያ አጋማሽ 40፣ በሁለተኛው 63፣ በ2004 የመጀመሪያ አጋማሽ 59። ቁጥር 8ን እንዳለ ማመንም አይገባም፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ በዚያ ዙር ጥቂት ከፍተኛ ውጤቶች ከስሌቱ ወጥተው እንደነበር፣ ባይወጡ ኖሮ ወሰኑ ያኔውኑ ይታለፍ እንደነበር አሳይቷል። ከለውጡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የናሙና ዙር ደወሉ ሊሰማ ይችል ነበር ማለት ነው።

በ2003 ደንቡ በሚያስገድደው የመስመር ቅየራ ምክንያት ናሙና በስፋት ተወሰደ። ከተመረመሩት 6,118 ቤቶች 4,075ቱ ከ15 በላይ ሆነው ተገኙ። ለነዋሪው የተላኩት ማስታወቂያዎች የነገሩን ክብደት አላሳዩም፤ ሕዝቡ በወጉ የሰማው ጋዜጣ በጃንዋሪ 2004 መጨረሻ ሲያወጣው ነው።

ክሎሪን ሲሄድ እርሳሱ ለምን ተፈታ?

በእርሳስ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከዘመናት የውኃ ፍሰት የተሠራ ቅርፊት አለ። ውኃው እርሳሱን በቀጥታ አይነካም፤ የሚነካው ቅርፊቱን ነው። ስለዚህ ውኃው ውስጥ የሚገባው የእርሳስ መጠን በቅርፊቱ ዓይነት ይወሰናል።

አብዛኛው የምህንድስና መመሪያ የተጻፈው ቅርፊቱ የእርሳስ ካርቦኔት ነው በሚል ግምት ነበር። የዚህ ቅርፊት ሟሟነት በፒኤችና በአልካሊነት (ውኃው አሲድን በሚቋቋምበት አቅም) ይስተካከላል። ከዲሲ ተቆፍረው የወጡ ቧንቧዎች ሲመረመሩ ግን ሌላ ነገር ተገኘ፦ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ። ይህ ውህድ እጅግ አይሟሟም፤ ነገር ግን የሚጸናው ውኃው ጠንካራ የኦክሲዴሽን (ኤሌክትሮን የመንጠቅ) ኃይል እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ያንን ኃይል ለዓመታት የሰጠው ነጻ ክሎሪን ነበር። ክሎራሚን ኃይሉ ዝቅ ያለ ነው። ክሎሪኑ ሲነሳ ዳይኦክሳይዱ ቀስ በቀስ ወደሚሟሟ የእርሳስ ዓይነት ተመለሰ፤ ቅርፊቱም ተፈታ።

ይህን ያረጋገጠው ሌላው ማስረጃ ከመረቡ ራሱ መጣ። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት አሞኒያው ይቆምና መረቡን ለማጽዳት ነጻ ክሎሪን ይለቀቃል። በ2004 ጸደይ ይህ ሲደረግ እርሳሱ ወረደ፤ ክሎራሚኑ ሲመለስ ጨመረ። አርሊንግተን ያንኑ ውኃ እየጠጣች ተመሳሳይ ቀውስ አላየችም፤ የእርሳስ መግቢያ መስመሮች እንደ ዲሲ ስላልነበሯት ነው። ክሎራሚኑ በራሱ እርሳስ አላመጣም፤ የአሮጌውን ቧንቧ መከላከያ ነው ያነሳው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቧንቧውን ማፍሰስ። የመጀመሪያው ምክር ከመጠጣት በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነበር። ይህ በብዙ ቤቶች ነገሩን አባባሰው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው። የ19 ሚሊሜትር ቧንቧ በአንድ ሜትር ርዝመት 0.28 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከማዕድ ቤቱ እስከ መግቢያው 10 ሜትር ቢሆን 3 ሊትር የማይሞላ ውኃ ነው። በደቂቃ 5 ሊትር በሚቀዳ ቧንቧ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ወደ ብርጭቆው የሚደርሰው በእርሳስ መስመሩ ውስጥ ያደረው ውኃ ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቆ መቅዳት ማለት በብዙ ቤት የከፋውን ውኃ መርጦ መቅዳት ሆነ። በኋላ ምክሩ ወደ 10 ደቂቃ ከፍ አለ። ይህ ስሌት የደንቡንም ድክመት ያሳያል፦ የመጀመሪያው ሊትር የሚነግረን ስለ ቧንቧው አፍና ስለ ቤቱ ውስጠኛ መስመር እንጂ ስለ መግቢያው አይደለም።

ማጣሪያ። በ2004 የእርሳስ መስመር ላላቸው ቤቶች እርሳስ የሚይዙ ማጣሪያዎች ታደሉ። ለነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ያልተጣራ የቧንቧ ውኃ እንዳይሰጥ ተመከረ። ወዲያው ውጤት የሰጠው ይህ ነው፤ ሦስት ዓመት መዘግየቱ ነው ችግሩ።

ፎስፌት። ኦርቶፎስፌት ከእርሳስ ጋር ተዋህዶ የማይሟሟ አዲስ ቅርፊት ይሠራል፤ ይህ ቅርፊት በክሎሪን ኃይል ላይ አይመካም። በጁን 2004 በከተማዋ አንድ ክፍል ተሞከረ፤ በኦገስት በመላው መረብ ተጀመረ። በመጀመሪያ የአሮጌ ብረት ቧንቧ ዝገት ተነቅሎ ቀይ ውኃ የመጣባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ፎስፌት ሲጀመር የሚጠበቅ ነው፤ አስቀድሞ ለነዋሪው መንገርና የእሳት አደጋ መስመሮችን ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ የሚሠራው በወራት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ለክቶ «አልሠራም» ማለት ስህተት ነው። ዲሲ በ2005 የእርሳስ ወሰኑን ዳግም አሟላች።

ግማሽ ቅየራ። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ተቀየሩ፤ በአብዛኛው ግን የተቀየረው የሕዝቡ ክፍል ብቻ ነበር። በግቢው ያለው እርሳስ ቀረ። ሲቆረጥ ቅርፊቱ ይናጋል፤ አዲሱ መዳብ ከአሮጌው እርሳስ ጋር ሲገናኝም እንደ ባትሪ ሆነው እርሳሱን ይበላሉ። በኋላ የተደረገው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ጥናት በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ ስጋት መስመሩ ጭራሽ ካልተነካባቸው ቤቶች ያነሰ ሆኖ አላገኘውም። መርሐ ግብሩ በ2008 ቆመ። በዚህ ጉዳይ ከወጡት ገንዘቦች ይህን ያህል የባከነ ያለ አይመስለንም።

በልጆች ላይ የታየው

በአፕሪል 2004 ያው ማዕከል ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የሚያረጋጋ ነበር። ናሙናው የተወሰደው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ውኃውን ካቆመ ወይም ማጣሪያ ካስገባ በኋላ። በ2009 የታተመ ጥናት የልጆቹን ዕድሜና ሰፈር ለይቶ ሲያሰላ፣ ከ2001 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ደማቸው ውስጥ እርሳስ ከፍ ያለባቸው ሕፃናት ቁጥር ከ2000 ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጥፍ በላይ ጨምሮ አገኘው። ይህ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ በታች ለሆኑት ነው። የዱቄት ወተት በቧንቧ ውኃ የሚበጠበጥላቸው ሕፃናት በክብደታቸው ልክ ሲታይ ከማንም በላይ ውኃ ይጠጣሉ፤ የሁሉም ዕድሜ አማካይ ይህን ይሸፍነዋል። በ2010 የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ የ2004ቱን ሪፖርት ክፉኛ ተቸ።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ውኃ ማጣሪያ የሚያስተዳድር ባለሙያ ከዚህ መውሰድ ያለበት የመጀመሪያው ነገር፣ የመረቡን ኬሚካል ከመቀየሩ በፊት የራሱን ቧንቧ ቆፍሮ ቅርፊቱን መመርመር ነው። ከመረቡ የወጡ አሮጌ ቧንቧዎችን በአዲሱ ውኃ ለወራት ማጠብ፣ እርሳስ ከጨመረ ፎስፌቱን ከለውጡ ጋር አብሮ መጀመር ይቻላል። ከለውጡ በኋላ ባሉት ወራት ናሙናው በየስድስት ወሩ ሳይሆን በየወሩ ይወሰድ፤ ከአንድ ሊትር ይልቅም ተከታታይ 10 ወይም 12 ሊትሮች ተቀድተው እያንዳንዳቸው ይለኩ። በ2021 የተሻሻለው የአሜሪካ ደንብ የእርሳስ መስመር ባለበት ቤት አምስተኛው ሊትር እንዲለካ አዝዟል፤ በ2024 የወጣው ደግሞ ወሰኑን ወደ 10 ያወርዳል፣ መስመሮቹ በሙሉ እንዲነሱም ያስገድዳል።

ሁለተኛው፣ ከክሎሪን የሚወለዱት ውህዶች ችግር ምንጩ ካርቦን ስለሆነ ቢቻል እዚያው መፍታት ይሻላል። ማርጊያውን በዝቅተኛ ፒኤች ማስኬድ፣ ክሎሪን መጨመሪያውን ከመግቢያው ወደ ማጣሪያው ማዶ ማዛወር፣ ገንዳ ውስጥ ውኃ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ እንዳይተኛ ማድረግ፣ የመስመር ጫፎችን በየጊዜው ማጠብ። እነዚህ የቧንቧውን ቅርፊት እንደ ክሎራሚን አይነኩም። የወንዝና የግድብ ውኃ ለሚያጣሩ የአገራችን ጣቢያዎችም ከክሎራሚን በፊት የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ናሙና አወሳሰዱ ለሁለቱ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለትራይሃሎሜቴን ቧንቧው በቂ ፈስሶ፣ 40 ሚሊሊትር የመስታወት ብልቃጥ ያለ አንዲት የአየር አረፋ ይሞላል፤ አረፋ ካለ ውህዱ ተንኖ ይወጣል። ብልቃጡ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ኬሚካል ይኑር፤ አለዚያ ወደ ቤተ ሙከራ በሚወስደው መንገድ ላይ ውህዱ መወለዱን ይቀጥላልና ውጤቱ ከእውነቱ ይበልጣል። ለእርሳስ ግን ቀድሞ ማፍሰስ አይገባም፣ የቧንቧው አፍ ላይ ያለው ወንፊት አይፈታም፣ ውኃው እንደ ወትሮው በሙሉ ኃይል ይቀዳል። በዝግታ የተቀዳ ናሙና የእርሳስ ፍርፋሪውን ሳይይዝ ይቀራል።

በቤት ውስጥ

ማፍላት ሁለቱን ችግሮች በተቃራኒ መንገድ ይነካቸዋል። ትራይሃሎሜቴን ክዳኑ በተከፈተ ድስት ሲፈላ ይተንናል። እርሳስ አይተንንም፤ ውኃው ሲቀንስ እንዲያውም ይጠራቀማል። ስለዚህ ማለዳ ከቧንቧ የመጣውን የመጀመሪያ ውኃ ጀበና ውስጥ ሞልቶ ማፍላት የእርሳስ መስመር ባለው ቤት መፍትሔ አይደለም። ለመጠጥም ለምግብም ከሙቁ ቧንቧ አይቀዳ፤ ሙቅ ውኃ እርሳስን በበለጠ ያሟሟል።

ውኃን በሰፊ ዕቃ አሳድሮ የክሎሪን ሽታ ማስወጣት በነጻ ክሎሪን ይሠራል፤ ክሎራሚን ግን ሲያድር አይለቅም።

መግቢያው መስመር ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤት የሚገባበትን ቦታ በሳንቲም ፋቅ ማድረግ ይበቃል። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ሲፋቅ ብርማ ይሆናል፣ ማግኔት አይስበውም። የብረት ቧንቧን ማግኔት ይስበዋል፤ መዳብ ሲፋቅ ቀይ ነው።

ማጣሪያ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ «ጣዕምና ሽታ ያሻሽላል» የሚለው ብቻ በቂ አይደለም። ያ በስታንዳርድ 42 (በአሜሪካ የውኃ ማጣሪያ መስፈርት) የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ለእርሳስ ስታንዳርድ 53 ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ውስጥም እርሳስ በስሙ መጻፍ አለበት። ትራይሃሎሜቴንም እንዲይዝ ከተፈለገ እንደዚሁ ስሙ ይፈለግ። የከሰሉ ካርትሬጅ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ወይም የጋሎን ልክ ሲሞላ፣ ውኃው ገና ጣፋጭ ቢሆንም፣ ይቀየራል፤ የጠገበ ከሰል የያዘውን ትራይሃሎሜቴን መልሶ ሊለቅ ይችላል።